ለሁሉም 95 መስጠት ደግነት ነው?

ሰኔ ሲጋመስ የሚደርሱን ደብዳቤዎች ይመሳሰላሉ። የግማሽ ዓመቱ ምዘና ደርሷል ማለት ነው። አለቃው የሚሞላውን ፎርም ይዞ ይጨነቃል፣ ሠራተኛው ደግሞ የሚሞላለትን ነጥብ እየገመተ። ስለዚህ የዚህን ወር የጥያቄና መልስ ዓምድ ሙሉውን ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ምዘና ሰጥተነዋል። የጠያቂዎችን ስምና መሥሪያ ቤት አናወጣም፣ ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎችም አሳጥረናቸዋል።

«በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ቡድን መሪ ሆኜ ከተመደብኩ ገና ወራት ናቸው። ሥሬ 7 ሠራተኞች አሉ። ሁለቱ ጎበዞች ናቸው፣ እውነቱን ለመናገር ቢሮውን የያዙት እነሱ ናቸው። ሦስቱ ደህና ናቸው። የቀሩት ሁለቱ ግን ጠዋት ፈርመው ይወጣሉ፣ ከሰዓት ከመጡ መጡ፣ ካልመጡም የሉም። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ለሁሉም ከ93 እስከ 96 ነበር የሚሰጠው። እኔ ዝቅ ባደርግባቸው ጠላት ማፍራት ነው። አንደኛው ደግሞ የሰፈሬ ልጅ ነው። ለሁሉም 95 ሰጥቼ በሰላም ብኖር ምን አለበት?»

ወንድሜ፣ ብዙ አለበት። ሁለቱ ጎበዞች ያያሉ። አፍ አውጥተው አይናገሩህም፣ ግን ያያሉ። ሰልፉ አላልቅ ብሎ ምሳ ሳይበሉ የዋሉት እነሱ 95፣ ፈርሞ የወጣውም 95። በሚቀጥለው ግማሽ ዓመት አንደኛዋ ዝውውር ትጠይቃለች። ሌላው «እኔስ ምን አገባኝ» ብሎ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ቦርሳውን ማዘጋጀት ይለምዳል። ያኔ በ7 ሰው ስም የሚጠራ፣ ሥራውን የሚይዝ ሰው ያጣ ቢሮ ይቀርሃል።

ደግሞም ያ ነጥብ እንደፈለግክ የምትቸረው የራስህ ንብረት አይደለም። ለደረጃ ዕድገት ሲወዳደሩ ይታያል፣ ለትምህርት ዕድል ይታያል፣ ከማህደር ወጥቶ ነገ ሌላ መሥሪያ ቤት ይሄዳል። ላልሠራው ሰው 95 ስትሰጥ ከምትሠራዋ ልጅ ዕድል ላይ ቆርሰህ እየሰጠኸው ነው። ይሉኝታ ለቅሶ ቤትና ሰርግ ላይ ያምርብናል፣ አብሮ ያኖረናልም። ምዘና ፎርም ላይ ሲገባ ግን ዕዳውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው፤ አንድም ታታሪዋ ሠራተኛ፣ አንድም «ነገ ተመለሱ» እየተባለ ከሥራው ቀርቶ የሚመላለሰው ባለጉዳይ።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስልህ። የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2013 ከተመዘኑት ቋሚ የፌዴራል ሠራተኞች 99 ከመቶ ያህሉ «ሙሉ በሙሉ አጥጋቢ» ወይም ከዚያ በላይ ማግኘታቸውን ገልጿል። የትም አገር ቢሆን ሰው ፊት ለፊት «አልሠራህም» ማለት ይከብዳል።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። በዚህ ሰኔ ተነስተህ ለሁለቱ 60 ብትሰጣቸው ግን እሱም ልክ አይሆንም። ለምን ቢባል እስከ ዛሬ ምንም አላልካቸውም። ፊትህ እያዩ ሲወጡ ዝም ያልከው አንተ ነህ፣ እነሱም ዝምታህን እንደ ፈቃድ ወስደውታል። ምዘና ላይ ሠራተኛው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ነገር መኖር የለበትም። በዚህኛው ዙር በእጅህ ባለው ማስረጃ ልክ፣ የምትችለውን ያህል ለይተህ ስጥ። ጎበዞቹን ከሌሎቹ ለይ፤ ማስረጃ ባለህ ቦታ የሁለቱን ቀንስ፣ ማስረጃ በሌለህ ቦታ ግን በግምት አትቀጥቅጣቸው። ከዚያ ለሁሉም «ከሐምሌ ጀምሮ እንዲህ ነው የምንሠራው» ብለህ በግልጽ ንገራቸው።

ሐምሌ ላይ እያንዳንዳቸውን ለብቻ ይዘህ ተቀመጥ። ዕቅዱን አብራችሁ አንብቡት። ብዙ ጊዜ ከላይ ተከፋፍሎ የሚወርደው ዕቅድ ላይ «ለተገልጋዮች ቀልጣፋና ጥራት ያለው አገልግሎት መስጠት» የሚል ዓረፍተ ነገር ታገኛለህ። ይሄ በምን ይለካል? አንዱ 100 ቢል ሌላው 60 ቢል ሁለቱም ልክ ናቸው። እሱን ሰርዝና እንዲህ ብለህ ጻፈው፦ «ማስረጃው ተሟልቶ ለመጣ ባለጉዳይ በዚያው ቀን ጉዳዩን መጨረስ፤ ማስረጃው ካልተሟላ የጎደለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ በጽሑፍ ዘርዝሮ መስጠት።» ሁለተኛዋን ግማሽ በጣም አስብባት። ወረዳ ሄዶ የማያውቅ ሰው የለም፣ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው። መጀመሪያ ፎቶ ጎደለ ይባላል፣ ፎቶ ሲመጣ ኮፒ ጎደለ ይባላል፣ ኮፒው ሲመጣ «ከቀበሌ ደብዳቤ አምጡ»። ሦስት ቀን የሚያመላልሰውና በአንድ ቀን የሚጨርሰው ሠራተኛ እኩል ሊመዘኑ አይገባም፣ ዕቅዱ ላይ ይህ ካልተጻፈ ግን እኩል ይመዘናሉ።

ሌላው ማስታወሻ ነው። አንድ ደብተር ግዛ፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ጥቂት ገጾች ስጥ። «ይህ ልጅ ሥነ ሥርዓት የለውም» ብለህ አትጻፍ፣ ያ ስድብ ነው። እንዲህ ጻፍ፦ «ጥቅምት 14፣ ከ3 እስከ 5 ሰዓት መስኮቱ ላይ ሰው አልነበረም። 11 ሰው ይጠብቅ ነበር። ሲመለስ ጠየቅኩት፣ ባንክ ሄጄ ነው አለ። ከእንግዲህ አስፈቅዶ፣ ተተኪ አስይዞ እንዲወጣ ተነጋገርን።» ቀን አለው፣ የሆነው ነገር አለው፣ የተባባላችሁት አለ። በዚያው ደብተር ጥሩ ጥሩውንም ጻፍ፣ ይሄን እንዳትረሳው። ባለፈው ኅዳር የጠፋ ፋይል ፈልጋ ያገኘችውን ልጅ ሰኔ ላይ ማንም አያስታውሳትም። አለቃ የሚያስታውሰው የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ነው፣ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ደግሞ ሁሉም ሰው ጎበዝ ነው።

ፈርሞ መውጣትን በተመለከተ፣ ሁለት ነገር አታቀላቅል። ሥራውን መሥራት አቅቶት ዝቅ ያለ ሰው የምዘና ጉዳይ ነው፣ ድጋፍና ሥልጠና ይፈልጋል። በሥራ ሰዓት የሚጠፋ ሰው የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው። ለዚያ የራሱ መንገድ አለው። በቀድሞው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 ቅጣቱ ከቃልና ከጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይጀምርና የደመወዝ ቅጣት፣ ከደረጃ ዝቅ ማድረግ፣ በመጨረሻም ከሥራ ማሰናበት ድረስ ይሄድ ነበር። በ2017 አዲስ የፌዴራል ሠራተኞች አዋጅ ወጥቷል፣ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮችም የራሳቸው ሕግ ስላላቸው እናንተ የምትሠሩበትን ከሰው ሀብት ክፍላችሁ ወስደህ አንብብ። ማስጠንቀቂያ መጻፍ ፈርተህ በምዘና ነጥብ ልትበቀለው ግን አትሞክር፣ ቅሬታ ቢያቀርብ ይረታሃል።

የሰፈርህን ልጅ ከሁሉም በፊት እሱን አናግረው። ለብቻው፣ ከቢሮ ውጪ ሻይ ይዛችሁም ይሁን። «ካሁን በኋላ የምጽፈው የማየውን ነው፣ ከሌላ ሰው እንድትሰማው ስላልፈለግኩ ነው» በለው። ሊቆጣ ይችላል። ይቆጣ። ሰኔ ላይ ድንገት ከሚያገኘው ዛሬ ሰምቶ ቢቆጣ ይሻላል፣ ለመስተካከልም ጊዜ አለው።

«የፌዴራል መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነኝ። ከ90 በታች አግኝቼ አላውቅም። አዲስ ዳይሬክተር ከመጣ በኋላ ሰሞኑን 71 ተሰጠኝ። ሥራዬ ላይ ብዙም አልተቀነሰብኝም፣ የተቆረጠብኝ ባህርይ የሚለው ላይ ነው። አንድ ስብሰባ ላይ አስተያየት ስለሰጠሁ ጥርስ ነክሶብኛል። ፈርሚ ሲለኝ አልፈርምም ብዬ ጥዬ ወጣሁ። ልክ ነኝ?»

እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባናል። ጥሎ መውጣቱ ግን አንቺን አይጠቅምሽም። ነገ ማህደርሽ ውስጥ የሚገኘው 71 የሚል ወረቀትና «ለመፈረም ፈቃደኛ አልሆነችም» የሚል ቃለ ጉባኤ ነው። ያንቺ ድምፅ የትም የለም።

ተመልሰሽ ሂጂና ፎርሙን አስመጪ። እያንዳንዱን መስመር አንብቢ። ከዚያ ፊርማሽ አጠገብ በእጅሽ ጻፊ፦ «ውጤቱን አይቻለሁ፣ በባህርይ ነጥቡ አልስማማም፣ ቅሬታዬን በጽሑፍ አቀርባለሁ» ብለሽ ቀን አድርጊበት። መፈረም አየሁት ማለት እንጂ ተስማማሁ ማለት እንዳይሆን የሚያደርገው ይህ ጽሑፍ ነው። ኮፒ ያዢ። ባዶ ፎርም ላይ ግን መቼም ቢሆን አትፈርሚ፣ «በኋላ እንሞላዋለን» ቢሉሽም። ጊዜ የለም እየተባለ ባዶ ፎርም የሚፈርሙ ሰዎች እንዳሉ ከደብዳቤዎቻችሁ ስለምናውቅ ነው ይህን የምንለው።

ቀጥሎ ለዳይሬክተሩ አጭር ደብዳቤ ጻፊ። ጥያቄው ይሄው ብቻ ይሁን፦ በየትኛው መስፈርት፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ድርጊት ነው ነጥቡ የተቀነሰው? «ቂም ይዞብኝ ነው» የሚለውን ደብዳቤው ላይ አታስገቢው። እውነት ሊሆን ይችላል፣ ማስረጃ ግን የለሽም፣ ደብዳቤውንም ወደ ጭቅጭቅ ይለውጠዋል። ማስረጃ ያለሽን ደርድሪ፣ የቀድሞ ውጤቶችሽን፣ በዚህ ግማሽ ዓመት የጨረስሻቸውን ሥራዎች፣ የተላኩበትን የደብዳቤ ቁጥርና ቀን። መልስ ካላገኘሽ ወይም መልሱ ካላጠገበሽ ወደ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሂጂ። የማቅረቢያው ጊዜ አጭር ነው፣ ስለዚህ «ሰኞ እጽፋለሁ» እያልሽ አታሳልፊው። በፌዴራል ደረጃ ከኮሚቴው ውሳኔ በላይ በሕግ ለተለዩ ጉዳዮች የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት አለ። የግል ማህደርሽን የማየትም መብት አለሽ፣ ጠይቀሽ እይው፤ የማታውቂው ወረቀት ገብቶ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ ለብቻሽ ሆነሽ አስቢበት። ከ71ዱ ጀርባ እውነት የሆነ ነገር አለ ወይ? የምታምኛትን፣ እውነቱን የማትደብቅሽን የሥራ ባልደረባ ጠይቂ። ስብሰባ ላይ የተናገርሽው ሳይሆን አነጋገርሽ ሰው አስቀይሞ ሊሆን ይችላል። ከሌለ ደግሞ የለም፣ በልበ ሙሉነት ተከራከሪ።

ዳይሬክተሮችም ይህን ዓምድ እንደምታነቡ እናውቃለን። ስብሰባ ላይ የተቃወመን ሰው በባህርይ ነጥብ መቅጣት ነውር ነው። የባህርይ መስፈርት ባለጉዳይን ስለማክበር፣ ሥራን ከሌሎች ጋር ስለመካፈል፣ የተረከቡትን ስለመጠበቅ ነው። የኢሕአዴግን ዘመን ግምገማ ያሳለፈ ሠራተኛ እስከ ዛሬ በስብሰባ መናገር የሚፈራው በከንቱ አይደለም። አንዷን በ71 ስትቀጡ አዳራሹን ሙሉ ዝም ታሰኛላችሁ። ከዚያ በኋላ ችግሩን የሚነግራችሁ ሰው አይኖርም፣ በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት አይገኝለትም።

«በቡድን ስንመዛዘን ተስማምተን ለሁላችንም ሙሉ ነጥብ እንሰጣጣለን። ሠራተኞች በአንድ መሪ ሥር በትናንሽ ቡድን ከሚደራጁበት ከ1 ለ 5 ጊዜ ጀምሮ የመጣ ልማድ ነው። አልስማማም ያለ ይገለላል። ምን ይሻላል?»

ለአለቃችሁ አንድ ሐሳብ አቅርብ። ባልደረባ ባልደረባውን በቁጥር እንዲመዝን ከማድረግ ሁለት ጥያቄ ይመልስ፦ ከእሱ ጋር ስትሠራ የቀለለልህ ምንድን ነው፣ ያስቸገረህስ? ሰው በቁጥር ይዋሻል፣ በምሳሌ መዋሸት ግን ይከብደዋል። ባልደረባ የሚያውቀው አለቃ የማያየውን ነው። ማን የሌላውን ስልክ አንስቶ ባለጉዳይ እንደሚያስተናግድ፣ ማን የጀመረውን ፋይል ሳያስረክብ ፈቃድ እንደሚወጣ የሚያውቀው አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ነው። እሱን አውጡ፣ ነጥቡን ኃላፊው ይስጥ፣ ኃላፊነቱንም ይውሰድ።

«29 ዓመቴ ነው፣ የሪከርድና ማህደር ክፍል ኃላፊ ነኝ። ሥሬ ካሉት አንዱ ጡረታ ሊወጡ 3 ዓመት የቀራቸው ሰው ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የትኛው ፋይል የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ በቃላቸው ያውቃሉ። ኮምፒዩተር ግን አይነኩም። ሥራው ወደ ሲስተም ከገባ ወዲህ የእሳቸውን ድርሻ ልጆቹ ናቸው የሚያስገቡላቸው፣ ልጆቹም ማጉረምረም ጀምረዋል። አባቴ የሚሆኑትን ሰው ቁጭ አድርጌ አልሠሩም እንዴት እላለሁ?»

ወንድሜ፣ እንዲህ መጨነቅህ መልካም ነው። አንቱታህን አትተው፣ ጋሼ ማለትህንም። ግን አክብሮቱ እውነቱን እንዳትነግራቸው የሚያደርግህ ከሆነ፣ ልጆቹ ከኋላቸው እየተነጋገሩባቸው፣ እሳቸው ብቻ ሳይሰሙ ሦስት ዓመት ሊያልፍ ነው። ይሄ ክብር አይደለም።

ጠርተህ ጠረጴዛህ ፊት አታስቀምጣቸው። ጠዋት ሰው ሳይበዛ ወንበር ይዘህ እሳቸው ጋ ሂድ። ንግግሩም ከሚያውቁት ነገር ይጀምር። እንዲህ ልትል ትችላለህ፦ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ብዬ ነው። ከ1990ዎቹ በፊት ያለውን ፋይል ከእርስዎ በቀር ፈልጎ የሚያገኝ የለንም። ይሄን እንዳናጣ እፈራለሁ። ሌላው ደግሞ፣ የእርስዎን ገቢ ደብዳቤ ልጆቹ ናቸው ሲስተም ላይ የሚያስገቡት፣ ለእነሱ ጫና ሆኗል፣ ለእርስዎም ምዘና ላይ ነጥብ ይቀንስብዎታል። ምኑ ነው ያስቸገረዎት?» ከዚያ ዝም በል። መልሱን ጠብቅ።

መልሱ አንተ ከጠበቅከው በጣም ያነሰ ሊሆን ይችላል። በአማርኛ ስንጽፍ ብዙዎቻችን የምንመታው የላቲን ፊደል ያለበትን ቁልፍ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በአማርኛ በእጁ ሲጽፍ ለኖረ ሰው «ሠ»ን ለማግኘት የትኛውን ከየትኛው ጋር እንደሚመታ መፈለግ ያደክማል፣ ከልጆቹ ፊት መንተባተቡም ያሳፍራል። ለዚህ የሚያስፈልገው ቁልፎቹ ላይ የሚለጠፍ የአማርኛ ፊደል ወይም አጠገባቸው የሚቀመጥ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ወይም መነጽራቸው አርጅቶ ስክሪኑ አይታያቸው ይሆናል። እሱም የፊደሉን መጠን በማሳደግ ይቀላል።

ከዚያ ተስማሙ። ከልጆቹ ታጋሹን መርጠህ ጠዋት ጠዋት ግማሽ ሰዓት አብሯቸው ይቀመጥ። መጀመሪያ የደብዳቤ ቁጥርና ቀን ብቻ ያስገቡ፣ ሲለምዱት ርዕሱን፣ ከዚያ ሌላውን። በተመሳሳይ ጊዜ እሳቸው ደግሞ የመደርደሪያዎቹን ዝርዝር ያጽፉት። ከየት እስከ የት ምን ፋይል እንዳለ፣ የትኛው ቦታ እንደተቀየረ፣ የትኛው በሁለት ስም እንደሚጠራ። ይሄ ሥራ በዕቅዳቸው ላይ በግልጽ ይግባ፣ ነጥብም ይኑረው። ጡረታ ሲወጡ ከእሳቸው ጋር የሚሄደው ዕውቀት ይህ ነውና፣ ለመሥሪያ ቤታችሁ ከሲስተሙ አያንስም። የምዘና ዓላማ ተብለው በሕጉ ከተቀመጡት አንዱ የሠራተኛውን የሥልጠና ፍላጎት መለየት ነው። ብዙ ቦታ ግን ፎርሙ ላይ ሥልጠና የሚለው መስመር ባዶውን ያልፋል። አንተ ሙላው።

ነጥቡ ላይ አትዋሽላቸው። ፋይል በማግኘት ሙሉ ከሆኑ ሙሉ ስጥ፣ ሲስተም ላይ ዝቅ ያሉ ከሆነ የሆነውን ስጥ፣ ምክንያቱንና የተስማማችሁበትን ድጋፍ ከሥሩ ጻፍ። ከድጋፉ በኋላም እምቢ ካሉ ነጥቡ ይሄንኑ ያሳያል፣ አንተም የምትችለውን አድርገሃል። ልጆቹንም ሰብስበህ ማጉረምረሙ ይቁም በላቸው፤ የሠሩት ትርፍ ሥራ ግን በየስማቸው ይመዝገብላቸው።

«ዳይሬክተራችን ነጥብ ተጋነነ ብሎ ከ95 በላይ ከየቡድኑ 1 ሰው ብቻ እንዲያገኝ አዘዘ። እኔ ቡድን ውስጥ 4 ሰዎች አሉ፣ ሦስቱ የሚገባቸው ናቸው።»

ዳይሬክተሩ ያየው ችግር እውነተኛ ነው፣ መድኃኒቱ ግን ሌላ በሽታ ያመጣል። ማይክሮሶፍት ሠራተኞቹን በኮታ እየደረደረ ሲመዝን ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2013 አሠራሩን ተወው። ሰው ከአጠገቡ ካለው ባልደረባ ጋር መፎካከር ይጀምራል፣ የሚያውቀውን ይደብቃል፣ ጎበዝ ካለበት ቡድን ይሸሻል። 4 ሰው ያለበት ቡድን ላይ ደግሞ ኮታው የባሰ ነው።

ለዳይሬክተሩ ይህን አቅርብለት። ነጥቡ ከመጽደቁ በፊት ቡድን መሪዎች አንድ ላይ ይቀመጡ፣ ከ95 በላይ የሰጡትንና ከ70 በታች የሰጡትን እያነሱ ማስረጃቸውን ለሌሎቹ ያስረዱ። «ጎበዝ ናት» አይበቃም፣ ምን ሠራች? ማስረጃ የሌለው 97 እዚያ ጠረጴዛ ላይ በራሱ ይወርዳል። የአንተ ሦስት ሰዎች ማስረጃ ካላቸው ይቆያሉ።

«የመንግሥት የልማት ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። የሲቪል ሰርቪስ አዋጁ እኔንም ይመለከታል?»

አይመለከትዎትም። የመንግሥት ልማት ድርጅቶች ሠራተኞች የሚተዳደሩት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው። ከእሱ ቀጥሎ የድርጅትዎን የኅብረት ስምምነት ያንብቡ፣ የምዘናው ዝርዝር ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው። ለአዲስ ገቢዎች ልዩነቱ ትልቅ ነው። በ1156 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ በ1064/2010 ግን ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሙከራው ጊዜ 6 ወር ነበር። ቅሬታ ሲኖርዎት መጀመሪያ የሠራተኛ ማኅበሩን ያነጋግሩ።

«ከጥር እስከ ሰኔ ካለው ግማሽ ዓመት 4 ወሩን በወሊድ ፈቃድ ነበርኩ። ግንቦት መጀመሪያ ተመለስኩ። ኃላፊዬ የጻፈውን ረቂቅ ውጤት አሳየኝ። ዕቅዴ 90 መዝገብ ነበር፣ የሠራሁት 28 ነው ብሎ ዝቅተኛ ሰጥቶኛል። "ምን ላድርግ፣ ቁጥሩ ነው የሚናገረው" አለኝ። በዚህ ውጤት ለዕድገት መወዳደር አልችልም።»

እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ። ቁጥሩ ይናገር ካለ ቁጥሩን አብረን እናስላው።

90 መዝገብ የ6 ወር ዕቅድ ነው። ይሄ በወር 15 ነው። አንቺ ሥራ ላይ የነበርሽው 2 ወር ነው፣ ስለዚህ ከአንቺ የሚጠበቀው 30 ነበር። 28 ሠርተሻል። ይህ 93 ከመቶ ነው። ኃላፊሽ ግን 28ቱን ለ90 አካፍሎ 31 ከመቶ አደረገው። ያልነበርሽበትን 4 ወር ሥራ ላይ እንደነበርሽ ቆጥሮ ነው የመዘነሽ። ለዚያውም ገና ከወለደች፣ ሌሊት ሌሊት ከሕፃን ጋር እያደረች ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ቢሮ ከምትገኝ ሴት 28 መዝገብ ብዙ ነው፣ ሊመሰገን ይገባል።

የወሊድ ፈቃድ ሕጉ የሰጠሽ መብት ነው። በቀድሞው 1064/2010 አዋጅ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ከነደመወዙ ይሰጥ ነበር። አንድ እጅ መብቱን ሰጥቶ ሌላው እጅ በምዘና ሊቀማሽ አይችልም። ኃላፊሽ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፣ የተሰጠውን ፎርም ሳያስብ ሞልቶት ይሆናል። ረቂቁን ቀድሞ ማሳየቱ በራሱ ጥሩ ነው፤ ገና አልጸደቀም ማለት ነው፣ ማስተካከል ይቻላል። ስለዚህ በጠብ አትጀምሪ። ስሌቱን በወረቀት ይዘሽ ግቢና አሳዪው። ብዙ ኃላፊዎች ቁጥሩ ፊታቸው ሲቀመጥ ይገባቸዋል።

ለኃላፊዎችም እንንገራችሁ። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ፈቃድ ከመውጣቷ በፊት ዕቅዷን አብራችሁ ከልሱት። የትኛው ሥራ ለማን እንደሚተላለፍ፣ ስትመለስ ከየት እንደምትጀምር ጻፉት፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ሥራውን የተረከበው ባልደረባም ዕቅዱ ይጨመርለት፣ ነጥቡም እንዲሁ። ያለዚያ እሷ በሌለችበት ትመዘናለች፣ እሱ ደግሞ ያልታሰበለትን ሥራ ሠርቶ ሳይቆጠርለት ይቀራል፣ ሁለቱም በእናንተ ይቀየማሉ።

ኃላፊሽ በቃል ከነገርሽው በኋላም ካላስተካከለ በጽሑፍ አቅርቢ። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የፈቃድ ደብዳቤሽን ኮፒ አያይዢ፣ ስሌቱን ከላይ እንዳስቀመጥነው ጻፊው፣ ሪከርድ ክፍል ገቢ አስደርገሽ ቀኑና ቁጥሩ ያለበትን ማህተም በራስሽ ኮፒ ላይም አስመቺ።